ለእንቁጣጣሽ በቪትዝ ወደ በቆጂ፦ በዚህ ዝናብ ልሂድ ወይስ ልቅር?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው አዳማ ነው። ለእንቁጣጣሽ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቻችንን ይዤ በቆጂ፣ አማቴ ቤት ልሄድ ነው። መኪናዬ ቪትዝ ናት፣ አውቶማቲክ። ጳጉሜ 5 ከሥራ እንደወጣሁ 10 ሰዓት ላይ ለመነሳት አስቤ ነበር። ሰሞኑን ግን ዝናቡ ብሶበታል፤ ከአሰላ ወዲያ በረዶ እየጣለ ነው ይላሉ። ሚኒሶታ ያለው ወንድሜ 'የጎማውን ነፋስ ትንሽ ቀንስ፣ ከኋላ ግማሽ ኩንታል አሸዋ ጫን፣ መንገድ ይይዝልሃል' አለኝ። እውነቱን ነው? ልሂድ ወይስ ልቅር?»

ምላሽ፦ ሂድ። ግን ጳጉሜ 5 በ10 ሰዓት አትነሳ። የጎማህን ነፋስ አትቀንስ። አሸዋውን ደግሞ ሠፈር ውስጥ ቤት የሚያሠራ ሰው ካለ ስጠው።

አጭሩ መልስ ይኸው ነው። ጊዜ ካለህ ረጅሙን ልጻፍልህ። አዳማ ላይ ጋራዥ ከከፈትኩ 19 ዓመት ሆኖኛል። ከዚያ በፊት አይሱዙ እነዳ ነበር። ከሮቤ ስንዴ፣ ከአዳማ ቢራና ለስላሳ እያመላለስኩ ስንት ክረምት በዚያች መንገድ ወጣሁ ወረድኩ።

በወንድምህ ልጀምር። ወንድምህ አልዋሸህም፤ የሚያወራው እሱ ስላለበት አገር ነው። ሚኒሶታ ላይ የፈረንጆቹ ገና ሲደርስ በረዶው አስፋልቱ ላይ ይነጠፋል። ብርዱ ከዜሮ በታች ለሳምንታት ስለሚቆይ ቶሎ አይቀልጥም። መኪና እየረገጠው መስታወት ይሆናል። ሰዉም ለዚያ ወቅት ብቻ የተሠራ ጎማ ይቀይራል። ፒካፕ ያለው ከኋላ አሸዋ በከረጢት ይጭናል፤ ምክንያት አለው። ብዙ ፒካፕ የሚገፋው በኋላ ጎማ ነው። ባዶውን ሲሆን ኋላው ቀላል ስለሆነ ጎማው መሬት አይቆነጥጥም፤ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። አሸዋው ይጫንለታል። ከባሰም ተዘርግፎ ከጎማው ሥር ይበተናል።

ያንተ ቪትዝ ግን የሚጎትታት የፊት ጎማ ነው። የሚጎትተው ፊት፣ የሚታጠፈው ፊት፣ ፍሬን ስትይዝም አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ፊት። ከኋላ ግማሽ ኩንታል አሸዋ ስትጭንባት አፍንጫዋ ቀና ይላል። እንዲይዝልህ የፈለግከውን ጎማ ራስህ አቀለልከው ማለት ነው።

የነፋሱም ነገር እንደዚሁ ነው። አፋር ውስጥ አሸዋ ላይ የሚነዱ ሾፌሮች ጎማቸውን ያስተነፍሳሉ። ጎማው ሰፍቶ አሸዋው ላይ እንዲንሳፈፍላቸው ነው። «እንዲንሳፈፍ» ማለቴን ልብ በልልኝ። አንተ ውሃ ላይ የማትፈልገው ይህንኑ መንሳፈፍ ነው።

ዝናብ ሲጥል አስፋልቱ ላይ ስስ ውሃ ይተኛል። የጎማህ ቦዮች ሥራቸው ያንን ውሃ እየጠጡ ወደ ጎንና ወደ ኋላ መትፋት ነው። ፍጥነት ከበዛ፣ ቦዩ ካለቀ፣ ወይም ነፋሱ ካነሰ ጎማው ውሃውን ገፍቶ መጨረስ ያቅተዋል። ውሃው ከሥር ገብቶ ያነሳዋል። ያኔ መኪናህ ጀልባ ሆናለች። መሪው በእጅህ ላይ ድንገት ቅልል ይላል፤ ሞተሩ ሳትሰጠው ይጮሃል። ፍሬን ብትረግጥ የሚሰማህ የለም።

ይህ ነገር ስንት ላይ እንደሚጀምር በግርድፉ የሚገምት ስሌት አለ። የአሜሪካው ናሳ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ለአውሮፕላን ጎማ ብለው ያወጡት ነው፤ ለመኪናም ይሠራል። ጎማው ሊሾ ከሆነ፣ ወይም ውሃው ከቦዩ ጥልቀት ከበለጠ፣ በጎሚስታ መለኪያ (ፒኤስአይ) 32 የተነፋ ጎማ በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ መንሳፈፍ ይጀምራል። ወደ 22 ካወረድከው በ78 ይነሳል። በወንድምህ ምክር ብትሄድ 16 ኪሎ ሜትር ያህል መተንፈሻህን ቆረጥክ። ከኢተያ በኋላ ያለውን ቀጥ ያለ መንገድ ስታይ እግርህ ሳታውቀው 80 ይገባል፤ እኔም ይገባብኝ ነበር።

ስለዚህ ከጉዞው አንድ ቀን ቀድመህ፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ጎሚስታ ጋ ሂድ። የሾፌሩን በር ስትከፍት ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። ጽሑፉ ጃፓንኛ ቢሆን ቁጥሩ አይጠፋህም። 220 ወይም 230 የሚል ከሆነ በኪሎ ፓስካል ነው፤ በጎሚስታው ቋንቋ 32 ወይም 33 ማለት ነው። «ለዝናብ ቀነስ ላድርገው?» ካለህ አመስግነህ እምቢ በል። ስኮርታውንም፣ ማለቴ ትርፍ ጎማውን፣ አብረህ አስነፋ። ስኮርታ ባዶ መሆኑ የሚታወቀው ሁልጊዜ በዝናብ፣ ሁልጊዜ በጨለማ ነው።

ቦዩን በክብሪት ለካው። የክብሪቷን ራስ ወደ ታች አድርገህ ቦዩ ውስጥ ክተታት። ራሷ ሙሉ በሙሉ ካልተደበቀች ያ ጎማ ለክረምት አልቋል። ጎማ ሻጭ «ገና ነው፣ አንድ ዓመት ይሄዳል» ይልሃል። በበጋ ይሄድ ይሆናል። ያገለገለ ጎማ የምትገዛ ከሆነ ደግሞ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች ፈልግ። 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ቦዩ አምሮ ጎማው ያረጀ ብዙ አለ፤ የደረቀ ጎማ እርጥብ አስፋልት አይጨብጥም።

አሁን ወደ በረዶው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አሰላ 2400፣ በቆጂ 2800 አካባቢ። እነ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ሳንባቸውን የሠሩት በዚያ ከፍታ ላይ ነው፤ ያንተ ቪትዝ ግን አትሌት አይደለችም። አንድ ሺህ ሜትር በወጣህ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ከ6 ዲግሪ በላይ ይወርዳል። አዳማ በሸሚዝ ተነስተህ በቆጂ ስትደርስ 8 ዲግሪ ገደማ አጥተሃል፤ ዝናቡ የሚቀንሰው ሳይቆጠር ነው።

አዳማ በረዶ እምብዛም የማታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ደመናው ውስጥ ያለው በረዶ አዳማ ለመድረስ ረጅም ሞቃት አየር ማቋረጥ አለበት። ስለዚህ በመንገድ ይቀልጥና ወፍራም ወፍራም ጠብታ ሆኖ ጣሪያህን ይደበድባል። በቆጂ ጋ ግን በጭላሎና በካካ ተራራ አጠገብ መሬቱ ራሱ ወደ ደመናው ተጠግቷል። በረዶው ለመቅለጥ ጊዜ አያገኝም። አስፋልቱ ላይ ሲከመር እንደተደፋ ጨው ነጭ ይሆናል። ከጎማህ ሥር ደግሞ አተር ላይ እንደመራመድ ነው። እኔ ለረዳቴ «ኩሽኔታ ፈሰሰ» እል ነበር።

ደግነቱ እንደ ሚኒሶታ አይከርምም። እንዲህ ያለው ውርጅብኝ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ዋናው ዘዴ ማሳለፍ ነው። ሰማዩ ፊትህ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ከተዘጋ ቀጣዩ ከተማ ወይም ማደያ ገብተህ ቁም። ሻይ ጠጣ። ባሕር ዛፍ ሥር ግን አትቁም፤ ቅርንጫፉም አለ፣ መብረቁም አለ። መብረቁን ካየህ እስከ ነጎድጓዱ ድረስ ሰከንድ ቁጠር፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መስኮት ዘግተህ መኪና ውስጥ መቀመጥ ዛፍ ሥር ከመጠለል በብዙ ይሻላል፤ መብረቅ ቢመታ እንኳ በቆርቆሮው ዙሪያ ወደ መሬት ይሄዳል።

ከአስፋልት ወርደህ ለመቆም ስታስብም መሬቱን እይ። መረሬ፣ ማለትም የሚያጣብቅ ጥቁር አፈር፣ ከሆነ ተወው። ጳጉሜ ላይ መረሬ ላይ የወረደ ቪትዝ የሚወጣው በትራክተር ነው። ባለ ትራክተሩም የዋዜማ ዋጋ ነው የሚጠራልህ።

በረዶው መንገድ ላይ ከያዘህ እግርህን ከነዳጁ ላይ ቀስ ብለህ አንሳ። መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ። ፍሬን በድንገት አትርገጥ። ልጆቹ ላይ ጋቢ ደርብላቸው፤ በረዶ የፊት መስታወት ሲሰነጥቅ አይቻለሁ። ልጆቹን ካነሳን አይቀር፣ ሁለቱም ከኋላ፣ ቀበቶ ታስረው። «ትንሿ እናቷ ጭን ላይ ጋቢና ትቀመጥ፣ አበባ ታያለች» የሚባለውን ሰምቼዋለሁ። በርጥብ መንገድ መኪና ለመቆም በደረቅ ከሚፈጅበት ርቀት እጥፍ ሊፈጅበት ይችላል። እናት በእጇ ያንን ግፊት አትችለውም።

ሾፌሮች ብዙም የማያስቡት የመስታወቱ ጭጋግ አለ። እኔ ከበረዶው ይልቅ የምፈራው እሱን ነው። አራት ሰው፣ እርጥብ ጃኬት፣ እርጥብ ዣንጥላ፣ በፌስታል ያለ ትኩስ ዳቦ። ይህ ሁሉ ይተነፍሳል። መኪናዋ ደጋ ስትወጣ መስታወቱ ይቀዘቅዛል፤ ትንፋሹ እዚያ ላይ ይለጠፋል። ሳጉሬን ስታልፍ በድንገት ነጭ መጋረጃ ተጋርዶብሃል። አንተም በአንድ እጅህ መሪ ይዘህ በሌላው በሶፍት ታሻለህ። ሶፍቱ ቅባቱን ያዳርሰዋል፤ ማታ የፊት ለፊት መብራት ሲመጣ መስታወቱ በሙሉ ኮከብ ይሆናል። መፍትሔው ኤሲ ነው። አዎ፣ በብርድ ኤሲ። ኤሲ የሚያቀዘቅዝ ብቻ አይደለም፤ አየሩን ያደርቃል። ሙቀቱን ከፍ አድርገህ፣ ነፋሱን ወደ መስታወቱ አዙረህ፣ አየሩ ከውጭ እንዲገባ አድርገህ ክፈተው። በሁለት ደቂቃ ይጠራልሃል። «ኤሲ ነዳጅ ይበላል» ለምትለኝ፣ ልክ ነህ፣ ትንሽ ይበላል።

የውጭው ጉም ሲሆን አጭሩን መብራት ተጠቀም። ረጅሙን ስታበራ ጉሙ መልሶ ዓይንህ ላይ ይረጨዋል። እየሄድክ አራቱን ፍሬቻ ማብራትም ልማድ ሆኗል፤ ተወው። ከኋላህ ያለው ሰው ቆመህ ይሁን እየታጠፍክ በምን ይወቅ?

ጎርፉ ላይ ልቆይ፤ እዚህ ላይ የከፈልኩበት ትምህርት አለኝ።

ጳጉሜ ላይ መሬቱ ጠግቧል። ሦስት ወር ሙሉ ጠጥቷል፤ ከዚህ በላይ የሚወርደውን መዋጥ አይችልም። ጭላሎ ላይ የጣለ ዝናብ አንተ ባለህበት ጠብ ሳይል ደራሽ ውሃ ሆኖ መንገዱን ያቋርጣል። የአዳማ ሰው ይህንን አይስተውም፤ ከጋራው የሚወርደው ጎርፍ ስንቴ በራችን ላይ አልፏል። መጠኑን ልንገርህ። 15 ሴንቲ ሜትር የሚፈስ ውሃ ትልቅ ሰው ሊጥል ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ያንተን ዓይነት ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። 60 ሲደርስ ላንድክሩዘሩንም ይወስዳል።

እኔ ያኔ ቶዮታ ዲኤክስ የቤት መኪና ነበረችኝ። ዋዜማ ነው፤ ለመድረስ ቸኩያለሁ። አንድ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ቡናማ ውሃ አስፋልቱን ሸፍኖታል። ከኋላዬ የነበረ አባዱላ ሚኒባስ አልፎኝ ገባና ወጣ። «እሱ ካለፈ እኔስ?» አልኩ። አባዱላ ከኔ መኪና ስንት ስንዝር ከፍ እንደሚል የማያውቅ መካኒክ! መሃል ስደርስ ውሃው ፓራውልቱን አልፎ ኮፈኑ ሥር ገባ። ሞተሩ አንዴ «ጓ» አለና ቀጥ። አየር መሳቢያው ውሃ ጠጥቶ ነበር። አየር ይታመቃል፤ ውሃ አይታመቅም። ፒስተኑ ወጥቶ ውሃውን ሲመታው የሚሸነፈው ቢዬላው፣ ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ፣ ነው። የኔም ጎበጠ። የአካባቢው ልጆች ገፍተው አወጡኝ፤ እግዜር ይስጣቸው። የዚያን ዓመት እንቁጣጣሽ ሞተር ፈትቼ ዋልኩ። ዶሮው በሳህን ተከድኖ ጋራዥ ድረስ መጣልኝ፤ በግራሶ እጄ በላሁት።

ያንተ ሕግ ይህ ይሁን፤ አስፋልቱ ከውሃው ሥር ካልታየህ አትግባ። ሌላው ገባ አልገባ አንተን አይመለከትህም። ደራሽ ውሃ እንደመጣው ይሄዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። እንዳይሆን ሆነህ ውስጥ ከጠፋብህ ደግሞ ቁልፉን መልሰህ አታዙር። ቢዬላውን የሚጨርሰው ያ ሁለተኛው ሙከራ ነው።

የሰዓቱ ነገር። የክረምት ዝናብ በብዛት ከሰዓት በኋላ ነው የሚከብደው። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ታሞቀዋለች፣ እርጥብ አየሩ ይነሳል፣ ደመናው ሲሞላ 8 እና 9 ሰዓት ላይ ይደፋዋል። በ10 ሰዓት ከአዳማ ብትነሳ አሰላ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን፣ ጉም ያለበትንና በረዶ ያለበትን፣ በጨለማ ልትነዳ ነው። ዋዜማ መሆኑንም አትርሳ። ከገበያ የሚመለስ በግ አለ፣ እርጥብ በግ ደግሞ በምሽት የአስፋልት ቀለም ነው። በየከተማው መግቢያ ችቦ የያዙ ልጆች አሉ። ጭነቱን አራግፎ ለበዓል ቤቱ ለመድረስ የሚበር አይሱዙ አለ። ያ አይሱዙ እኔ ነበርኩ፤ አውቀዋለሁ።

መስከረም 1 ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ተነሱ። ርቀቱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀስ ብለህ፣ ኢተያ ላይ ቁርስ ቀምሰህ፣ 4 ሰዓት ላይ በቆጂ ነህ። አበባዮሽ የሚሉት ልጆች ገና ከግቢ ወደ ግቢ ሲዞሩ ትደርሳለህ። ነዳጁን ግን በዋዜማው ሙላ፤ በበዓል ጠዋት ማደያ አይታመንም።

ከመነሳትህ በፊት የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትን ትንበያ እይ። ከዚያ አማትህ ጋ ደውልና «እማማ፣ ጭላሎ ይታያል?» በላቸው። ጠዋት ጭላሎ ጥርት ብሎ ከታየ መንገዱ ቢያንስ ለጥቂት ሰዓት ያንተ ነው። ወገቡ ድረስ ከተሸፈነ አንድ ሰዓት ጠብቅ። ይህን የተማርኩት ከሮቤ ሾፌሮች ነው፤ እስካሁን አላሳፈረኝም።

ከአማትህ ጋር ሌላም ነገር ጨርስ። «ዝናብ ካየን እንቆማለን፣ ምናልባትም አሰላ እናድራለን» ብለህ ቀድመህ ንገራቸው። ቀልድ እንዳይመስልህ። ጋራዤ የመጡትን የበዓል ሰሞን ግጭቶች ሾፌሮቹን ስጠይቅ ብዙዎቹ የሚነግሩኝ ስለ ዝናቡ አይደለም። «እየጠበቁኝ ነበር» ነው የሚሉኝ። ወጡ ተሠርቷል፣ ቡናው ቀርቧል፣ ስልኩ በየአሥር ደቂቃው «የት ደረሳችሁ?» ይላል። ሰው ያን ጊዜ ነው ጉም ውስጥ ደርቦ የሚያልፈው። የምትቆምበትን ቦታ ቤት ቁጭ ብለህ ከባለቤትህ ጋር ከወሰንክ፣ መንገድ ላይ የሚያከራክርህ የለም። ስልኩንም እሷ ትያዘው።

ስለ መልሱ ጉዞ አንድ ነገር ብቻ። ስትሄድ ዳገት ነው፣ ስትመለስ ቁልቁለት። መኪናዋን ዲ ላይ ለቀህ ፍሬን እየረገጥክ አትውረድ። ከዲ ሥር ያለውን ተጠቀም፤ እንደ ስሪቷ ኤስ ወይም ቢ፣ ወይም 2 እና ኤል ይላል። ሞተሩ ራሱ ይይዝልሃል። የፍሬን ዘይት እየቆየ እርጥበት ይጠጣል፤ ፍሬኑ ሲግል ያ እርጥበት ይፈላና ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይገባል። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ከሸተተህ ቁም፣ ይቀዝቅዝ። ዘይቱ ሁለት ዓመት ካለፈው ከጉዞው በፊት አስቀይረው።

የአርሲ አማት ደግሞ ባዶ እጅ እንደማትሸኝ አውቃለሁ። በግ ይሰጥሃል። ቪትዝ ውስጥ የኋላው ዕቃ መጫኛና ሰው የሚቀመጥበት አንድ አየር ነው የሚተነፍሱት። በግ ደግሞ እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ መስታወትህን ኤሲውም አያድነውም። ጣሪያ ላይም አትሰረው፤ ክብደት ከላይ ሲሆን መኪናዋ በኩርባ ትንገዳገዳለች፣ በጉ ራሱ ደግሞ በዝናብ ይቀጣል። በማግስቱ በሚወርድ አይሱዙ ይላክ። አማትህ ከጠየቁ፣ ይህን ያልኩት እኔ መሆኔን አትንገራቸው።